ከሌክ ስትሪት ምን ያህል ይራቃል?

ሌክ ስትሪት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የሚኒያፖሊስን ደቡባዊ ክፍል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ብሎ የሚሰነጥቅ ጎዳና ነው። ብዴ ማካ ስካ ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ አልፎ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ይደርሳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ሴንት ፖል ከገባ በኋላ ማርሻል አቬኑ ይባላል። በዚህ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ የማይገኝ ሕዝብ የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ኢንግብሬትሰንስ የተባለው የስካንዲኔቪያ ሰዎች ሱቅ ከ1921 ጀምሮ እዚያው አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ላቲኖዎቹ በ1999 መርካዶ ሴንትራል የሚባል የጋራ ገበያ ከፈቱ። ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት በ1928 ያሠራው ግዙፍ ሕንፃ ከ2006 ወዲህ ሚድታውን ግሎባል ማርኬት ሆኖ የየአገሩን ምግብ ያበላል። ካርሜል ሞል ገብቶ የሶማሌዎቹን የልብስ፣ የሽቶና የወርቅ ሱቅ ያየ፣ በቅመም የፈላ የወተት ሻይ የሸተተው ሰው፣ ጅግጅጋን የሚያውቅ ከሆነ፣ አሜሪካ መሆኑን ለጊዜው ይረሳል።

ጎዳናው ጠባሳም አለው። ጆርጅ ፍሎይድ ሜይ 25 ቀን 2020 በፖሊስ የተገደለው ከዚህ 8 ብሎክ ወደ ደቡብ፣ 38ኛው ስትሪትና ቺካጎ አቬኑ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሜይ 28 ሌሊት ሌክ ስትሪትና ሚኒሃሃ አቬኑ መገናኛ ላይ የነበረው ሦስተኛው ፖሊስ ጣቢያ ተቃጠለ፤ አብሮት ምግብ ቤቱ፣ ሱቁ፣ መድኃኒት ቤቱ ነደደ። ዛሬ አንዳንዱ ቦታ አዲስ ሕንፃ ቆሞበታል፣ አንዳንዱ ባዶ ሜዳ ነው። ከባለሱቆቹ ጋር ሲጫወቱ ዘመን የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህና ከዚያ ወዲያ እየተባለ ነው።

አንድ ነገር ግን ከእሳቱም በፊት ነበረ። ሌክ ስትሪት ሰው የሚደርስበት እንጂ የሚሰነብትበት ጎዳና ሆኖ አያውቅም። ስዊድኖቹና ኖርዌዮቹ መጡ፤ ልጆቻቸው ሲደላደሉ ሣር ወዳለበት፣ ጋራዥ ወዳለበት ወደ ዳርቻ ከተሞች ወጡ። ሱቃቸው ቀረ፣ እነሱ ሄዱ። አሁን ተራው የላቲኖው፣ የሶማሌውና የእኛ ነው።

እኔ ያረፍኩት ከጎዳናው ብዙም ሳይርቅ በኪራይ አፓርታማ ከሚኖሩት ከአክስቴና ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሁለት ልጆች፣ ባልና ሚስት፣ አንዲት አያት። የአክስቴ ልጅ እዚያው አቅራቢያ ባለ ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት ትሠራለች። ባልዋ አውሮፕላን ማረፊያ የመኪና ማቆሚያውን ተሳፋሪዎች በሚያመላልሰው አውቶቡስ ላይ ሾፌር ነው። ለዳውን ፔይመንት (ለቤት ግዢ ቅድሚያ ክፍያ) የምትሆን ገንዘብ በዕቁብም በኦቨርታይምም አጠራቅመው ቤት ፍለጋ የወጡበት ወራት ስለነበር፣ ጉብኝቴ በሙሉ ቤት ማየት ሆነ። ሙዚየም ላሳይህ ያለኝ የለም።

ለምን እንደሚለቁ ስጠይቅ እኔ የገመትኩት መልስ ሌላ ነበር። ስለ 2020 እሳት ያነሣ የለም። ባልየው በመጀመሪያ የጠቀሰው በረዶን ነው። ሚኒያፖሊስ በረዶ ሲከመርባት "ስኖው ኢመርጀንሲ" ታውጃለች፤ የመጀመሪያው ሌሊት ዋና ዋና መንገዶች ላይ ማቆም ክልክል ነው፣ በማግስቱ ቀን በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ባላቸው ቤቶች በኩል፣ በሦስተኛው ቀን ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው በኩል። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የመጣ ሰው እንቅልፉን ትቶ መኪና ማዛወር አለበት። ካላዛወረ በማግስቱ የሚያገኘው ባዶ ቦታ ነው፤ መኪናው ተጎትቷል፣ ቅጣቱና የመጎተቻው ሂሳብ ይጠብቀዋል። "ጋራዥ ያለው ቤት የምፈልገው ለክብር መስሎህ ነው?" አለኝ።

እኔ በመጣሁበት በአዲስ አበባ ሰፈር የሚመረጠው በጥቂት ሰው ነው፤ ለብዙው ይደርሰዋል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ጀሞ ይሁን የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ይሁን ኮየ ፈጬ፣ ዕጣው ያወጣለትን ይዞ ይገባል፤ ከሥራው መራቁን የሚያስበው ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ነው። በቅርቡም ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት የተነሡ ስንት ጎረቤታሞች ተለያይተዋል። ስለዚህ አራት የከተማ ስም በወረቀት ጽፎ፣ ከየስሙ ግርጌ ጥሩና መጥፎውን እየዘረዘረ ማታ ማታ የሚከራከር ቤተሰብ ለእኔ ትርኢት ነበር።

አራቱ ከተሞች ሁለት ሁለት ሆነው ጎረቤታሞች ናቸው። በደቡብ ሪችፊልድና ብሉሚንግተን፣ በሰሜን ብሩክሊን ሴንተርና ብሩክሊን ፓርክ። ሪችፊልድ ሚኒያፖሊስ ሳታልቅ የጀመረች ያህል ናት፤ የሚለያቸው 62 ቁጥር አውራ ጎዳና ብቻ ነው፣ የመንገዶቹ ቁጥር እንኳን ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሌክ ስትሪት በ30ኛው ስትሪት ቦታ ያለ ጎዳና ስለሆነ፣ 66ኛው ስትሪት ላይ ያለ ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ በጣት ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። ብዙዎቹ ቤቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ፣ ዝቅ ያሉ ናቸው። ብሉሚንግተን ከ494 አውራ ጎዳና ወዲያ ተዘርግታ እስከ ሚኒሶታ ወንዝ ትወርዳለች፤ በ1992 የተከፈተው ሞል ኦቭ አሜሪካ ያለው እዚያ ነው። በሰሜን በኩል ብሩክሊን ፓርክ የላይቤሪያ ስደተኞች በአሜሪካ በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ቤት የምታሳየን ደላላ (ሪልተሯ) እንደነገረችን ለዚያው ገንዘብ ሰፋ ያለና አዲስ ያለ ቤት የሚገኘው ወደዚያ ነው።

ለምን ከተማው ውስጥ አይቀሩም? ይህንንም አስበውበታል። ሚኒያፖሊስ በ2018 ባጸደቀችውና በ2020 ሥራ ላይ በዋለው ዕቅዷ፣ አንድ ቤት ብቻ ይሠራበት በነበረ መሬት ላይ እስከ ሦስት መኖሪያ እንዲሠራ ፈቅዳለች፤ ከትልልቆቹ የአሜሪካ ከተሞች ይህን በማድረግ ቀዳሚ ናት። አክስቴ ከታች፣ እነሱ ከላይ የሚኖሩበት ዱፕሌክስ ቢገኝ ጭቅጭቁ ሁሉ ባበቃ ነበር። በአቅማቸው አልተገኘም። ድልድዩን ተሻግረው ሴንት ፖል ለመከራየትም ተነጋግረው ነበር፤ እዚያ ሕዝቡ በ2021 በሰጠው ድምፅ የኪራይ ጭማሪ በዓመት 3 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል፣ በኋላ ግን አዳዲስ ሕንፃዎች ከደንቡ እንዲወጡ ተደርጓል። "ኪራይ ኪራይ ነው" ብሎ ባልየው ወሬውን ዘጋው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሪልተሯ መኪና እንዞራለን። ሐበሻ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ሥራዋን የምታውቅ። ብሩክሊን ፓርክ አንድ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ፣ አክስቴ ከኋላ ወንበር "ሰፈሩ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ልጄ?" ብለው ጠየቋት።

በመስታወቱ አየቻቸውና ሳቅ አለች። "እማማ፣ እሱን ብነግርዎ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።"

"ጎረቤት ማን እንደሆነ መጠየቅ ወንጀል ሆነ እንዴ?"

"እርስዎ መጠየቅ ይችላሉ። እኔ ነኝ መመለስ የማልችለው።"

አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብለው "የገንዘብ ሚስጥር ይናገራሉ፣ የጎረቤት ይደብቃሉ" አሉ በሹክሹክታ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ላደጉ ሴት ነገሩ እንቆቅልሽ ነው። ግን ምክንያት አለው። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ደላላ ገዢን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ እየመዘነ ወደ አንዱ ሰፈር እንዳይመራው፣ ከሌላው እንዳያርቀው ይከለክላል። "እዚህ ብዙ ሐበሻ አለ፣ ይመቻችኋል" ማለት እንኳን አደገኛ ነው። ሕጉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከሌክ ስትሪት ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2016 ጀምሮ ማፒንግ ፕሬጁዲስ በሚባል ሥራ የድሮ የቤት ሽያጭ ውሎችን አንድ በአንድ እያነበቡ ካርታ ላይ አስፍረዋል። በሚኒያፖሊስ ያገኙት የመጀመሪያው ዘር የሚለይ ውል የ1910 ነው፤ ቤቱ ሌክ ስትሪትን በሚያቋርጠው በ35ኛው አቬኑ ሳውዝ ላይ ነበር። ውሉ ቤቱ ለቻይናዊ፣ ለጃፓናዊ፣ ለሙር፣ ለቱርክ፣ ለጥቁር፣ ለሞንጎል ወይም አፍሪካዊ ደም ላለው ሰው እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ ይከለክላል። ከዐድዋ ድል 14 ዓመት በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ በነበሩበት ዓመት መሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ በሚኒያፖሊስ ብቻ ከ8,000 በላይ እንዲህ ያለ ውል አግኝተዋል። ዳርቻዎቹም አልቀሩም፤ ሪችፊልድን በምዕራብ በኩል በምታዋስናት ኢዳይና ከ1924 ጀምሮ የተሠራው ካንትሪ ክለብ የሚባለው ሰፈር በዚሁ ዓይነት ውል ታጥሮ የተሸጠ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ውሎቹ በፍርድ ቤት እንዳይፈጸሙ ወሰነ፤ ሚኒሶታ በ1953 አዲስ እንዳይጻፍ ከለከለች፤ ከዚያ የ1968ቱ ሕግ መጣ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ባለቤቱ በቤቱ ሰነድ ላይ ያለውን ውል መሻሩን ማስመዝገብ ይችላል።

ስለዚህ ቤተሰቡ በወረቀት ላይ ከጻፋቸው አራት ስሞች ጀርባ የቆየ መስመር አለ። የዛሬ ዋጋ የትናንትን ውል ይከተላል። ከሪችፊልድ ተነሥቶ ዘርክሲስ አቬኑን ወደ ኢዳይና የተሻገረ ሰው ያው ሰማይ፣ ያው በረዶ ነው የሚያገኘው፤ ዋጋው ግን ዘሎ ይወጣል። ምርጫ ነፃ ነው ይባላል። ነፃነቱ የሚጀምረው ሌሎች ካሰመሩት በኋላ መሆኑን ግን እኔ በዓይኔ አየሁ። ይህን ስላቸው ባልየው "አንተ ታሪክ ታነባለህ፣ እኔ ኢንተረስት እከፍላለሁ" ብሎ ገላመጠኝ። ልክ ነው። ትልቁ ልጅ ግን ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የሚያዩአቸውን ቤቶች መንገድ በካርታው ላይ እየፈለገ ማታውን አሳለፈ።

ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲነሣ ሐበሻ ሁሉ ባለሙያ ነው፤ የየከተማውን ደረጃ በቃሉ የሚያወርድ አይጠፋም። በቡና ላይ የሚወራው "የዚህ ከተማ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው" የሚለው ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የከተማ ወሰንና የትምህርት ዲስትሪክት ወሰን አይገጥሙምና። ብሩክሊን ሴንተር ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን አራት ዲስትሪክቶች ተካፍለዋታል። በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ቤቶች ልጆቻቸውን ወደተለያየ ዲስትሪክት ሊልኩ ይችላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ሚኒሶታ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወላጅ ልጁን ከዲስትሪክቱ ውጭ አመልክቶ እንዲያስገባ ትፈቅዳለች፤ ቦታ ከተገኘ ክፍያ የለም። ችግሩ መጓጓዣው ነው፦ ተቀባዩ ዲስትሪክት አውቶቡስ የሚያቀርበው ከራሱ ወሰን ጀምሮ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ልጁን የማድረስ ግዴታ የወላጅ ነው። ሁለቱም ወላጆች በፈረቃ በሚሠሩበት ቤት ይህ መብት ወረቀት ላይ ይቀራል።

የንብረት ግብሩን ባጭሩ ልለፈው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሜይ 15 እና ኦክቶበር 15 ይከፈላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ግምት ኖቬምበር ላይ በፖስታ ይመጣል። ቤቱን ሲያዩ የሚነገረው የወር ክፍያ ይህንን ማካተቱን ሳያጣራ የሚፈርም ሰው ኋላ ይደነግጣል።

የአራቱ ከተሞች ክርክር የተቋጨው ግን በግብርም በትምህርት ቤትም አይደለም። አክስቴ መኪና አይነዱም። ሌክ ስትሪት ላይ ራሳቸውን የቻሉ ሴት ናቸው፤ ቅመም ሲያልቅ ከሶማሌዎቹ ይገዛሉ፣ ሐኪም ቤት ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ ሚኒሃሃ አቬኑ ላይ ባለው ደብረ ሰላም መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ማንንም አይለምኑም። እንግሊዝኛቸው ከሃምሳ ቃል አይበልጥም፣ የአውቶቡስ መስመር ግን ከልጃቸው ይልቅ ያውቃሉ። ዱሮ 21 ቁጥር ነበረ፤ በጁን 2025 ቢ ላይን የሚባለው ፈጣን አውቶቡስ አብዛኛውን ሥራውን ተረክቦ ሌክ ስትሪትን ከዳውንታውን ሴንት ፖል ያገናኛል። አረጋውያን የሚከፍሉት 1 ዶላር ነው።

ብሩክሊን ፓርክ ያየነው ቤት ግሩም ነበር። ወጥ ቤቱ ሰፊ፣ ጋራዡ ሁለት መኪና የሚይዝ፣ ከኋላው ሣር። ልጆቹ ክፍል መከፋፈል ጀምረው ነበር። አክስቴ ግን ቤቱን ትተው ወደ ውጭ ወጡና መንገዱን ግራና ቀኝ አዩት። የእግረኛ መንገድ የለም። "ሰው የት አለ?" አሉ። ማንም አልነበረም፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የተዘጉ ጋራዦች ብቻ። እኔም አብሬያቸው ስቆም የአዲስ አበባ ሪል እስቴቶች፣ በዘበኛና በአጥር የተዘጉት፣ ትዝ አሉኝ። እዚህ አጥሩም ዘበኛውም የለም፣ ርቀቱ ራሱ ይዘጋል። ለሚነዳ ሰው ሰላም የሆነው ጸጥታ ለማይነዳው እስር ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ የጸና ነው፤ የአገራችን ልጆች እናቶቻቸውን ከአዲስ አበባ አስመጥተው እንዲህ ባለ ውብ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ዘግተውባቸው ሲሄዱ ብዙ አይቻለሁ። እናትየው ስታለቅስ "አገሯ ናፈቃት" ይላሉ። የናፈቃት በር ከፍቶ የሚደረስበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ዲ ላይን የተባለው አውቶቡስ ይመጣል። በዲሴምበር 2022 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከብሩክሊን ሴንተር ተነሥቶ በዳውንታውን በኩል ቺካጎ አቬኑን ይዞ ይወርዳል፣ ሌክ ስትሪትን ያቋርጣል፣ ሪችፊልድን በፖርትላንድ አቬኑ አልፎ ብሉሚንግተን ሞል ኦቭ አሜሪካ ላይ ያበቃል። በወረቀታቸው ላይ ከነበሩት አራት ከተሞች ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ብሩክሊን ፓርክ ብቻ ከመስመሩ ጫፍ ወዲያ፣ ሌላ አውቶቡስ ይዞ የሚገባበት ነው። ወደዚያ ባቡር ለማስገባት የታሰበው ገና አልተሠራም። ብሉሚንግተንም መስመሩ የሚነካት በሰሜን ጫፏ ነው፤ ያዩአቸው ቤቶች ደግሞ ወደ ወንዙ ተጠግተው ነበር።

አክስቴ ማንንም ሳያማክሩ አንድ ቀን ጠዋት እኔን አስከትለው በዲ ላይን ሁለቱንም ጫፍ ሄደው አዩ። ብሩክሊን ሴንተር ስንደርስ ከተርሚናሉ ወጥተው ሰፊውን አውራ ጎዳናና የመኪና ማቆሚያውን ሜዳ አይተው ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ሪችፊልድ ፖርትላንድ አቬኑ ላይ ወርደን ወደ ውስጥ በእግር ገባን። ትንንሽ ቤቶች፣ ውሻ የሚያናፍሱ ሽማግሌ፣ ስፓኒሽ የሚያወሩ ሴቶች። አውሮፕላን በራሳችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቀና ብለው "የእኛው ነው?" አሉኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እዚህ እንደማያርፍ፣ ቅርቡ ቺካጎ መሆኑን ነገርኳቸው። ጩኸቱ እውነት ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከሪችፊልድ ጋር ይዋሰናል። ባልየው ይህንን እንደ ጉድለት ጽፎት ነበር፤ ከሥራው ያለውን ቅርበት ግን በሌላው ዓምድ እንደ ጥሩ ነገር መዝግቦታል።

ማታ እራት ላይ አክስቴ ውሳኔያቸውን ተናገሩ፦ "ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ ብሩክሊን ፓርክ ጥሩ ነው። እኔ ግን ቅዳሜና እሑድ እየመጣሁ እጠይቃችኋለሁ፤ እዚሁ አንዲት ክፍል ፈልጉልኝ።" ልጃቸው አለቀሰች፣ ባልየው ወረቀቱን አጠፈው። ሦስት ቀን ያህል ቤቱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም።

የገዙት ሪችፊልድ ነው። ከብሩክሊን ፓርኩ ያነሰ፣ ጋራዡ አንድ መኪና የሚይዝ፣ ወጥ ቤቱ መታደስ ያለበት፣ ከፖርትላንድ አቬኑ በእግር የሚደረስበት ቤት። እኔ ብሆን ኖሮ የምገዛው እሱኑ ነበር።

ወደ ሚኒሶታ ለመምጣት፣ ወይም እዚያው ሆናችሁ ቤት ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ አደራ የምላችሁ ይህንን ነው። ቤቱን በጁላይ አይታችሁ አትፈርሙ፤ በጃንዋሪ፣ በረዶው ተከምሮ ሳለ፣ ከቤቱ በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በእግራችሁ ሂዱ፣ እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ትምህርት ቤቱን በከተማው ስም አትጠይቁ፣ የቤቱን ቁጥር ይዛችሁ ዲስትሪክቱን ጠይቁ። የምትኖሩበት ቤት መሆኑንም ዓመቱ ሳያልቅ ካውንቲው ዘንድ ቀርባችሁ ሆምስቴድ አስመዝግቡ፤ ግብሩ የሚቀንሰው ላመለከተ ሰው ብቻ ነው።